ማሰሮ በሞላው፣ አሻንጉሊት በስንት?

እማማ ሦስቱንም አሻንጉሊቶች በስድስት መቶ ብር ሊሸጡልኝ ነበር። አንዱን በሁለት መቶ። ዋጋውን የጠሩት ራሳቸው ናቸው። እኔም አልተከራከርኩም፤ እውነቱን ለመናገር በሆዴ ትንሽ የበዛ መስሎኝ ነበር።

ጊዜው የ2016 ፋሲካ ነው፤ ቦታው ሰቆጣ። እማማ ከእናቴ ጋር አጥር ይጋራሉ። ስማቸውን ትቼ ሰፈሩ እንደሚጠራቸው እማማ ልበላቸው። ቡና ጠርተውን ከእናቴ ጋር በኽምጣና ሲያወሩ፣ እኔ እንደ ልማዴ ግማሹን እየሰማሁ ግማሹን እየገመትኩ ተቀምጬ ቡፌያቸውን አያለሁ። ስኒዎቹ ጀርባ ሦስት ጥቁር የሸክላ አሻንጉሊቶች ቆመዋል። ከስንዝር ትንሽ ይረዝማሉ። አንዷ እንስራ ያዘለች ሴት ናት፣ አንዷ ልጅ ያዘለች እናት፣ ሦስተኛው ኦሪት የያዘ ቄስ። ባለ እንስራዋ አንገቷ ላይ ቢጫ የደረቀ ሙጫ አለ።

«ባለቤቴ ናቸው ያመጧቸው። ጎንደር ያስተምሩ በነበረ ጊዜ። አንገቷን ልጆቼ ናቸው የሰበሯት» አሉ እማማ፣ ማየቴን አይተው። ከዚያ ደግሞ፦ «ከፈለግህ ውሰዳቸው፤ ሁለት ሁለት መቶ ስጠኝ። ማን ይፈልጋቸዋል ብለህ ነው ልጄ?»

ማን እንደሚፈልጋቸው እኔም አላውቅም ነበር። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከተዘጋ ወራት አልፈዋል፤ ስልኬ ለፎቶና ለጥሪ ብቻ ነው የሚያገለግለው። «ፎቶ አንስቼ ልሂድና ልጠይቅልዎት» አልኩ። ቅንነት አልነበረም። ጥሬ ብር ስላልያዝኩ ነው።

አዲስ አበባ ስደርስ ግን ጉዳዩ ሌላ ሆኖ ቆየኝ።

አሻንጉሊቶቹ የወለቃ ናቸው። ወለቃ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ያለ መንደር ነው፤ የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎች መንደር ነበረ። ወንዶቹ ይቀጠቅጣሉ፣ ይሸምናሉ፤ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ። ጎረቤት በእነሱ ምጣድ እንጀራ እየጋገረ፣ በእነሱ ማረሻ እያረሰ፣ «ቡዳ» ይላቸው ነበር። ቱሪስት መምጣት ሲጀምር ሴቶቹ ከማሰሮና ከምጣድ ጎን ትናንሽ ምስሎች መሥራት ያዙ፤ ባለ ኮከብ አንበሳ፣ ሰሎሞንና ሳባ፣ ልጅ ያዘለች እናት። ከዚያ መጀመሪያ በ1977 በሱዳን በኩል በተደረገው ማጓጓዝ፣ ኋላም ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን በተወሰደበት ዘመቻ፣ ሠሪዎቹ ሄዱ። መንደሩ አለ፤ ምስሎቹም አሉ፤ አሁን የሚሠሯቸው በአብዛኛው የቀሩት ጎረቤቶች ናቸው። ለዚህ ነው ለሰብሳቢዎች «ከ1983 በፊት ወይስ በኋላ?» የሚለው ጥያቄ ዋጋ የሚቆርጠው። የእማማ ባለቤት የገዟቸው በ1960ዎቹ ነው። ማስረጃው የእማማ ቃል ብቻ ነው። እኔ አምናቸዋለሁ፤ ገበያ ግን ሰውን ማመን አያውቅበትም።

ሁለት ምሽት ኢንተርኔት ላይ አፈጠጥኩ። ያገለገለ አሻንጉሊት የሚሸጥበት ዓለም እንዲህ ሰፊ መሆኑን አላውቅም ነበር። በ1959 እ.ኤ.አ. በ3 ዶላር ለገበያ የወጣችው የመጀመሪያዋ ባርቢ ዛሬ ሳጥኗ ካልተከፈተ ሺዎች ታወጣለች፤ ሳጥኑን ከፍታ የተጫወተችባት ሕፃን እንግዲህ ኪሳራ አድርሳለች ማለት ነው። (ይሄ ነገር እስካሁን ይገርመኛል። አሻንጉሊት ዋጋዋ የሚጠበቀው አሻንጉሊት ሳትሆን ስትቀር ነው።) ከዚህ ዓለም የተማርኩት አንድ ጠቃሚ ነገር ቢኖር፣ የተጠየቀ ዋጋና የተሸጠ ዋጋ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። ሰው መቶ ሃምሳ ዶላር ብሎ ለጥፎ ሦስት ዓመት ሊያስቀምጥ ይችላል፤ ያ ዋጋ ሳይሆን ምኞት ነው። መታየት ያለበት በእርግጥ የተሸጡት ናቸው።

ሙያዬ ሶፍትዌር ስለሆነ ትንሽ ኮድ ጻፍኩ። የተሸጡትን ሰበሰብኩ፤ ቁመት፣ ቀለም፣ ስብራት፣ ዘመን ብዬ ከፋፈልኩ፤ መካከለኛውን አወጣሁ። የእኔዎቹን አይነት ለሚመስሉ ምስሎች የወጣው ቁጥር አንዱ ሃምሳ ዶላር አካባቢ ነበር። ሦስቱ 150። በጊዜው ምንዛሪ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበርና፣ 8,550 ብር።

እማማ ያሉኝ ስድስት መቶ ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የጀመረው። ስድስት መቶውን ብልክላቸው ደስ ይላቸዋል፤ ይመርቁኛል። ዋጋውን የጠሩት ራሳቸው ናቸው፤ አላታለልኳቸውም፤ አልዋሸኋቸውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1710 ስለዚህ ነገር ሁለት ነገር በአንድ ትንፋሽ ይላል። መጀመሪያ፣ ውል ለአንዱ ወገን በጣም ስለጠቀመ ብቻ አይፈርስም ይላል። ነጋዴ ሊያተርፍ ነው ገበያ የወጣው፤ እስማማለሁ። ቀጥሎ ግን፣ የተጎጂው ፈቃድ የተገኘው ችግሩን፣ የዋህነቱን፣ እርጅናውን ወይም በንግድ በግልጽ የሚታይ ልምድ ማጣቱን በመጠቀም እንደሆነ፣ ፍትሕ ሲያስገድድ ውሉ ሊፈርስ ይችላል ይላል። አንቀጹን ሳነበው እማማን ያየ ሰው የጻፈው መሰለኝ። ችግር አለ፣ እርጅና አለ፣ ልምድ ማጣት አለ። የዋህነቱ ላይ ብቻ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ወደኋላ እንደምታዩት።

ፋሲካ ዕለት ብገዛቸው ኖሮስ? ያኔ ሁለታችንም እኩል አናውቅም ነበር። እኩል አለማወቅ ላይ የተደረገ ውል ንጹሕ ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን አዲስ አበባ በደረስኩበት ሰዓት እኩልነቱ ፈረሰ። የፈረሰውም እኔ ጎበዝ ስለሆንኩ ሳይሆን፣ እኔ ያለሁበት ቦታ ኢንተርኔት ስላለ እሳቸው ያሉበት ስለሌለ ነው። ለፈለግኩበት፣ ላሸግኩበት፣ ለደከምኩበት ዋጋ ልጠይቅ እችላለሁ። የእሳቸው ኔትወርክ መዘጋት ግን የእኔ ሥራ ውጤት አይደለም፤ ምን ብዬ ዋጋ እጠይቅበታለሁ?

ደወልኩ። «እማማ፣ ስምንት ሺህ ብር ሊያወጡ ይችላሉ።»

ዝም አሉ። ከዚያ፦ «ልጄ፣ ምን አለባቸው ውስጣቸው?»

ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልቀለዱም። «ድሮ ማሰሮ የሚሸጠው በሞላው እህል ነበር» አሉኝ። ሸክላ ሠሪዋ ማሰሮዋን ታመጣለች፤ ገዢዋ ጤፍ ወይም ማሽላ ትሞላበታለች፤ እህሉ ለሠሪዋ፣ ማሰሮው ለገዢዋ። «ይሄ ድፍን ነው። በምን ሞልተህ ነው ስምንት ሺህ የምትለኝ?»

ለዚህ ጥያቄ ኮዴ መልስ አልነበረውም። በሞላው መሸጥ እንዴት ያለ ብልህ አሠራር እንደሆነ አስቡት። ትልቅ ማሰሮ ብዙ ጭቃ፣ ብዙ ማገዶ፣ ብዙ ድካም አለው፤ ብዙም እህል ይይዛል። ድካሙና ጥቅሙ በአንድ ዕቃ ይሰፈራሉ። በድርቅ ዓመት እህል ሲወደድ፣ የማሰሮዋም ዋጋ አብሮ ይወደዳል፤ ሸክላ ሠሪዋ ከራብ ጋር ተከራክራ ዋጋ መጨመር የለባትም። አሻንጉሊት ግን የሚሞላው ነገር የለውም። ዋጋው ያለው እሱ ውስጥ ሳይሆን የሚፈልገው ሰው ውስጥ ነው። አደጋውም እዚያው ነው።

የሚፈልገውን ሰው አገኘሁ። የድሮ ዕቃ የሚወዱ ሰዎች ያሉበት አንድ የቴሌግራም ስብስብ ውስጥ ፎቶዎቹን ለጥፌ ነበር። እስራኤል የምትኖር ነርስ በአማርኛ ጻፈችልኝ። ወላጆቿ ከጎንደር አካባቢ የሄዱ ናቸው፤ አያቷ ወለቃ ሸክላ ትሠራ ነበር፤ ወደ እስራኤል ሲሄዱ ይዘውት የሄዱት የእጇ ሥራ አንድም የለም። «የእሷ ላይሆን እንደሚችል አውቃለሁ። ግን ከእነሱ መሃል የአንዷ ነው» አለች። ቀጥላም፦ «ዋጋውን አንተ ንገረኝ።»

ዋጋውን አንተ ንገረኝ። ከዚህ የበለጠ የሚፈትን ዓረፍተ ነገር በንግድ ውስጥ አላውቅም። ሦስት መቶ ብላት ትከፍላለች፤ አምስት መቶም ብላት የምትከፍል ይመስለኛል። አንድ ጊዜ በሥራዬ ለአንድ ድርጅት፣ ዝናብ ሲዘንብ የአገልግሎቱን ዋጋ ራሱ ከፍ የሚያደርግ ኮድ ጽፌያለሁ። ሰው ሲቸገር የበለጠ ይከፍላልና። ያኔ ምንም አልተሰማኝም፤ የሚረጥበውን ሰው አላየሁትማ። አሁን ግን የሚረጥበው ሰው ስም አለው፣ በአማርኛ ይጽፍልኛል።

በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቶማስ አኲናስ «ሱማ ቴዎሎጂካ» ውስጥ ይህንኑ አንስቶታል። ሻጩ ዕቃውን በመስጠቱ የሚጎዳ ከሆነ፣ ጉዳቱን ዋጋው ውስጥ ማስገባት ይችላል። ገዢው ግን በጣም ስለፈለገው ብቻ፣ ሻጩ ሳይጎዳ ዋጋ መጨመር አይገባውም፤ ምክንያቱም ያ ፍላጎት የሻጩ ንብረት አይደለም፤ የራሱ ያልሆነውን ደግሞ ማንም መሸጥ አይችልም። እኔ ከዚህ በፊት ጠንካራ መከራከሪያ የመሰለኝ «ፈቅዳ ነው የምትከፍለው» የሚለው ነበር። አኲናስን ሳነብ፣ ነርሷ ፈቅዳ የምትከፍለው ለሸክላው ሳይሆን ለራሷ ናፍቆት እንደሆነ ታየኝ። ናፍቆቷ ደግሞ ሰቆጣ ቡፌ ላይ አልተቀመጠም።

በተቃራኒው እማማ የሚያጡት ነገር አለ። የባለቤታቸው መታሰቢያ ነው፤ ልጆቻቸው የሰበሩት አንገት ነው። ይህን ጠየቅኋቸው፤ «እሳቸው ከሄዱ ሃያ ዓመት ሆናቸው፤ ጭቃ አይመልሳቸውም» ብለው ዘጉት። ስለዚህ ሃምሳ ሃምሳ ዶላር አልኳት፤ ሙጫውንም በፎቶ አሳየኋት። እማማ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ፦ «ምን አስለፈለፈህ?» ነርሷ ግን «ሕፃናት ተጫውተውባታል ማለት ነው» ብላ በዚያው ዋጋ ተስማማች።

አንድ ነገር ግን ሁላችንንም አልፎናል። አሻንጉሊቶቹን የሠራችው ሴት ከዚህ ሁሉ ሒሳብ ውስጥ የለችም። ፈረንሳይ ከ1920 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥዕል ወይም ቅርጽ ተመልሶ በተሸጠ ቁጥር ለሠሪው ድርሻ የሚሰጥ ሕግ አላት፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2001 ለሁሉም አባላቱ አድርጎታል። ግን ለታወቀ ስምና ለትልቅ ዋጋ ነው የተሠራው፤ ለሃምሳ ዶላር ሸክላ ሠሪ አይደለም። ቢሆን ኖሮ ደግሞ ከነርሷ የተቀበልነው ላይ ቆርሰን ለነርሷ መመለስ ሊኖርብን ነው። የአያቷን ሙያ ፍሬ በዶላር መልሳ የምትገዛ ልጅ ናት። ይህን ስጽፍላት «ሒሳቡን ተወው፣ በደንብ ጠቅልልልኝ» አለችኝ።

መጠቅለሉ ላይ ነው እንግዲህ ያፈርኩት። ከሰቆጣ አዲስ አበባ ዕቃ የሚላከው በአውቶቡስ ረዳት እጅ ነው። እናቴ በጋቢ ቁራጭ ጠቅልላ ካርቶን ውስጥ አደረገቻቸው፤ ሦስት መቶ ብር ተከፈለ። ረዳቱ «ሸክላ ከሆነ ኃላፊነት አንወስድም» ብሏል፤ ሐቁን ተናግሯል። እናቴን «ለየብቻ ጠቅልያቸው» ማለት ሲገባኝ አላልኩም። ካርቶኑን ስከፍተው ባለ እንስራዋ አንገቷ ከድሮው ሙጫ ላይ ተላቋል። እማማ በደህና ነው የሰጡት፤ ነርሷ ገና አልተረከበችም፤ መሃል ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ደላላ ነኝ ካልኩ ጉዳቱም የደላላ ነው። አሥር ዶላር ልቀንስላት አልኩ፤ አልፈለገችም። መልሼ ለጠፍኩት፤ አጣባበቄ ከልጆቹ አባት የባሰ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ውጭ ያለው ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ፈጣን መልእክት አድራሽ ጠየቅሁ። ሦስቱ ተደምረው ሁለት ኪሎ አይሞሉም፤ ግን ለሸክላ የሚሆን ሠላሳ በሠላሳ በአርባ ሳንቲሜትር ካርቶን፣ ስፋቱ ለ5,000 ሲካፈል 7.2 ኪሎ ተብሎ ይታሰባል። አየር ነው የምትከፍልበት። የተነገረኝ ዋጋ ከአሻንጉሊቶቹ ይበልጣል። ለነርሷ ላክሁላት፤ «እሺ እከፍላለሁ» አለች። በሁለተኛው ቀን የጓደኛዬ ዘመድ ወደዚያው እንደምትሄድ ሰማሁ፤ በነፃ ትይዝልኛለች። ቅርስ ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ የሚከለክለው አዋጅ 209/1992 ስላለ፣ አየር ማረፊያ ላይ እንዳታስቸግራት ወረቀቱን ቀድሜ ጨረስኩ።

አሁን ልብ በሉ። ነርሷ ለማጓጓዣው ልትከፍል ተስማምታለች። ዝም ብል ገንዘቡ የእኔ ነው። ይሄ በመስመር ላይ ንግድ የታወቀ ዘዴ ነው፤ ዕቃውን አርክሶ ማጓጓዣውን ማስወደድ። ኢቤይ በ2011 እ.ኤ.አ. ኮሚሽኑን በማጓጓዣውም ላይ ማስከፈል የጀመረው ሻጮች ትርፋቸውን እዚያ ስለሚደብቁ ነው። እኔ ግን ወዲያው ነገርኳት፤ አንድ ሰዓትም አልፈጀብኝም። ራሴን ሐቀኛ ሰው ብዬ አደነቅሁ።

ያ አድናቆት አንድ ወር ነው የቆየው።

ከነርሷ ጋር ዕቃው ሲደርሳት ልትከፍል ተስማምተን ነበር። ለእማማ በሰኔ «ስምንት ሺህ ብር» ብያቸዋለሁ፤ ቀሪው አምስት መቶ ሃምሳ ለአውቶቡሱና ለወጪ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው። 57 የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። ነሐሴ 6 ቀን 150 ዶላሩ ሲገባ፣ አካውንቴ ላይ ከ15,000 ብር በላይ ታየኝ።

ስምንት ሺህውን ልክ በማግስቱ ላክሁ። ቃሌን ጠበቅሁ። ቀሪው ሰባት ሺህ ብር አካውንቴ ላይ ቀረ። በዚያው ሳምንት አከራዬ ኪራይ ጨመሩ፤ ሦስት ሺህው ወደዚያ ሄደ።

ሲሴሮ «ስለ ግዴታዎች» በሚለው መጽሐፉ የእህል ነጋዴ ያነሳል። ሮዴስ ደሴት ላይ ራብ ነው፤ ነጋዴው ከእስክንድርያ መርከብ ሙሉ እህል ይዞ ይደርሳል፤ ከኋላው ሌሎች መርከቦች እየመጡ መሆኑን ያውቃል። ይንገራቸው ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? አንዱ ፈላስፋ መናገር አለበት ይላል፤ ሌላው ደግሞ ዝም ማለት መደበቅ አይደለም ይላል። አገር የከተማችንን ስም የሚያውቀው የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት በ2007 በወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ነውና፣ ይሄ ምሳሌ ለእኛ ምሳሌ አይደለም። ልጅ ሆኜ «እርዳታ ስንዴ መጣ» ሲባል ገበያ ላይ የማሽላ ዋጋ ሲወርድ አይቻለሁ። ቀድሞ የሰማው ነጋዴ በዚያ ጠዋት ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚሸጥም አይቻለሁ። እናቴ ያንን ሰው እስካሁን አትወደውም።

የማጓጓዣውን ነገር ወዲያው የተናገርኩት ካልተናገርኩ የላክሁላት ቁጥር ውሸት ስለሚሆን ነው። የምንዛሪውን ያልተናገርኩት ግን ዝምታዬ ውሸት ስላልነበረ ነው። ስምንት ሺህ ብያለሁ፤ ስምንት ሺህ ሰጥቻለሁ። ይሄን ልዩነት እንደ ጋሻ ይዤ አሥር ቀን ተቀመጥኩ። የማላስመስለው ነገር ቢኖር፣ ልዩነቱ ለእኔ ከመጥቀሙ በፊት ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ነሐሴ 16 ደወልኩ። ሻደይ ነው፤ ከስልኩ ጀርባ ከበሮና የልጃገረዶች ዘፈን ይሰማል። «እማማ፣ ዶላሩ ጨምሮ ሰባት ሺህ ብር ተርፏል» አልኩ።

«ያልነው ስምንት ሺህ ነው፤ ደርሶኛል።»

«ትርፉ ግን የእርስዎ ነው።»

«የእኔ አይደለም። የላከችው ልጅ ነው። መልስላት።»

ነርሷን ጠየቅሁ። «እኔ 150 ዶላር ነው የከፈልኩት። ብሩ ቢረክስም ቢወደድም ለእኔ ያው 150 ነው። የእሳቸው ነው» አለች። ልክ ናት። እማማም ልክ ናቸው። ሁለቱም ልክ ከሆኑ ሰባት ሺህው የማንም አይደለም፤ የማንም ያልሆነ ገንዘብ ደግሞ እጁ ላይ ላለው ሰው ነው የሚያደላው። በተራዬ ልክ ልሆን የምችልበት መንገድ በጣም ቅርብ ነበር።

መልሼ ደወልኩ፤ ልጅቷ ለእርስዎ ብላለች አልኳቸው። እማማ ትንሽ አሰቡና፦ «እናትህ ኪራይ እንደጨመሩብህ ነገረችኝ። እንግዲያው ከሱ ያዝ፣ ቀሪውን ላክ» አሉኝ።

ቀድሜ እንደያዝኩ አልነገርኳቸውም። አራት ሺህውን የዚያኑ ቀን ላክሁ። ሦስት ሺህውን በመስከረም ደመወዜ ሞልቼ ስልክ «ይሄ ደግሞ የምንድን ነው?» ብለው ደወሉ፤ የባንክ ስህተት ነበር፣ ተስተካከለ አልኳቸው። ይሄኛው ውሸት ነው።

ምን እንደገዙበት እናቴን ጠየቅኋት። ማሽላ፣ አለችኝ።